ንጉሥ በዕብራይስጥና በዪዲሽ፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ዕትም ዓምዳችን የሚስተናገዱት ጥያቄዎች ሁሉ በአንድ ጉዳይ ዙሪያ የሚሽከረከሩ ናቸው። ዕብራይስጥና የብዙ አውሮፓውያን አይሁድ ቋንቋ የነበረው ዪዲሽ ስለ ንጉሥና ስለ ንግሥና የሚናገሩባቸውን ቃላት ይመለከታሉ። ለቦታ ስንል ጥያቄዎቹን ያሳጠርናቸው ሲሆን አሳባቸውን ግን አልነካንም።

ጥያቄ፦ መጽሐፍ ቅዱስን ከዕብራይስጡ ጋር እያስተያየሁ አነባለሁ። ዕብራውያን ንጉሥን «ሜሌኽ» ይሉታል። ቋንቋቸው ከግእዝ ጋር እኅትማማች ከሆነ በዚህን ያህል ትልቅ ቃል ላይ እንዴት ተለያዩ? ቃሉስ ከ«መልአክ» ወይም ከ«መልክ» ጋር ዝምድና አለውን? መልከ ጼዴቅ ማለት «የጽድቅ መልክ» ማለት ነው ያሉኝ ሰው ስላሉ ነው የምጠይቀው።

መልስ፦ ቋንቋዎቹ ተለያዩ ከማለት ይልቅ ሁለት ሥሮችን ተከፋፈሉ ማለት ለእውነቱ ይቀርባል። «ሜሌኽ» የተገኘበት መ-ለ-ከ የተባለው ሥር በግእዝም አለ። «መለከ» ሲል ግእዙ ገዛ፣ በእጁ አደረገ ማለቱ ነው። ይሁን እንጂ ሥሩ በእኛ ዘንድ ከምድራዊው ዙፋን ወደ ሰማያዊው ወጥቶ «አምላክ»ን፣ «አምልኮ»ንና «መለኮት»ን አስገኘ። በተለይ የመጨረሻውን ያስተውሉ፤ ዕብራይስጡ «ማልኹት» ሲል መንግሥት ማለቱ ሲሆን፣ ከዚያው ሥር የተገኘውና በመልኩ የሚመሳሰለው የእኛ «መለኮት» ግን የእግዚአብሔርን ባሕርይ ይገልጻል።

በአንጻሩ «ንጉሥ» የወጣበት ሥር ከዕብራይስጥም አልጠፋም፤ ዕጣው ግን ክፉ ሆነበት። «ኖጌስ» በዕብራይስጥ አስገዳጅ፣ አስጨናቂ፣ ግብር በግድ የሚያስከፍል ማለት ነው። በኦሪት ዘፀአት ምዕራፍ 5 እስራኤልን በግብፅ ጡብ ያስመቱት አስገባሪዎች የተጠሩት በዚህ ስም ነው። በትንቢተ ዘካርያስ 10፥4 ላይ ገዥ በሚል ቀና ትርጉም ብቅ ይላል፤ ከዚያ ውጭ ግን አብዛኛውን ጊዜ ጅራፍ ከእጁ አይለይም። አንዱ ሕዝብ ዘውድ የደፋበት ቃል ለሌላው የግፍ ስም ሆኖ መቅረቱ ስለ ሥልጣን ብዙ የሚያስብል ቢሆንም፣ ከጥያቄው እንዳንወጣ እዚህ ላይ እንተወው።

ወደ ሰዋስዉ ስንመለስ፣ የ«ሜሌኽ» ጥንታዊ መልኩ «ማልክ» የሚል እንደ ነበር የቋንቋ ሊቃውንት ይስማማሉ። ቃሉ ብቻውን ሲቆም አናባቢዎቹ ተለውጠው «ሜሌኽ» ይሆናል፤ ተቀጽላ ሲጨመርበት ግን የቀድሞ መልኩ ይመለስለታል። ስለዚህ «ንጉሤ» ለማለት «ማልኪ»፣ «ንጉሣችን» ለማለት «ማልኬኑ»፣ ንግሥቲቱንም «ማልካ» ይላሉ፤ ነገሥታት በብዙ ቁጥር «ሜላኺም» ናቸው። መጽሐፈ ዳንኤልን በጥንቱ ቋንቋ የሚያነብ ሰው ግን እዚህ ላይ ሊሰናከል ስለሚችል መጠንቀቅ አለበት። የመጽሐፉ ሰፊ ክፍል የተጻፈው በአራማይስጥ ሲሆን፣ በአራማይስጥ «ማልካ» ንግሥት ሳይሆን «ንጉሡ» ማለት ነው። የባቢሎን ጠቢባን በምዕራፍ 2፥4 «ማልካ» ብለው ዕድሜ የተመኙለት ጢሙ የወረደውን ናቡከደነፆርን ነው።

«መልአክ»ን በተመለከተ ዝምድናው የለም። የ«መልአክ» ሥር ለ-አ-ከ፣ ማለትም የእኛው «ላከ» ነው፤ ዕብራይስጡም «ማልአኽ» ሲል በመካከል አሌፍ የምትባለውን ፊደል ያስገባል፤ ትርጉሙም የተላከ፣ መልእክተኛ ነው። «መልክ» ደግሞ በግእዝ «መልክዕ» ተብሎ በመጨረሻው ዐይን ስለሚጻፍ ሥሩ ሌላ ነው። እንግዲህ መልከ ጼዴቅን «የጽድቅ መልክ» ማለት በአማርኛ ጆሮ ደስ ቢያሰኝም ትክክል አይደለም። ስሙ በዕብራይስጥ «ማልኪ-ጼዴቅ» ሲሆን የመልእክተ ዕብራውያን ጸሐፊ በ7፥2 «የጽድቅ ንጉሥ» ብሎ ተርጉሞታል።

በቅዱሳት መጻሕፍት ያሉ ሌሎች ስሞችንም በዚህ ቁልፍ መክፈት ይቻላል። አቢሜሌክ «አባቴ ንጉሥ ነው»፣ የኑኃሚን ባል አቤሜሌክ ደግሞ በዕብራይስጡ «ኤሊሜሌኽ»፣ «አምላኬ ንጉሥ ነው» ማለት ነው። ኤርምያስን በገመድ ከጕድጓድ ያወጣው ኢትዮጵያዊ ስም በምዕራፍ 38 ላይ «ዔቬድ-ሜሌኽ»፣ የንጉሥ አገልጋይ ይላል። ይህ የተጸውዖ ስም ይሁን የሹመት መጠሪያ አከራካሪ ነው፤ ምክንያቱም «የንጉሡ አገልጋይ» የሚል ጽሑፍ ያለባቸው የባለሥልጣናት ማኅተሞች ከይሁዳ ምድር ተቆፍረው ወጥተዋልና። ከዚህም ይልቅ በብዛት የተገኘው «ላሜሌኽ»፣ ማለት «የንጉሥ» የሚል ማኅተም የታተመባቸው የትላልቅ ማሰሮዎች እጀታዎች ናቸው። እነዚህ ከክርስቶስ ልደት በፊት በስምንተኛው መቶ ዓመት መጨረሻ፣ በንጉሥ ሕዝቅያስ ዘመን የተሠሩ ሲሆኑ ከንጉሡ ቃል ጋር ኬብሮንን፣ ሦኮንና ዚፍን የመሳሰሉ የቦታ ስሞች ተጽፈውባቸዋል። የቤተ መንግሥቱን ዘይትና የወይን ጠጅ ሳይይዙ እንዳልቀሩ ይታመናል።

ጥያቄ፦ የእስራኤልን ዜና ስከታተል ፕሬዚዳንቱን «ናሲ»፣ ሚኒስትሩን «ሳር» ሲሉ እሰማለሁ። ያለኝ የመጽሐፍ ቅዱስ መዝገበ ቃላት ግን ሁለቱንም «መስፍን» ወይም «ልዑል» ብሎ ነው የሚተረጉማቸው። የትኛው ልክ ነው?

መልስ፦ ሁለቱም በየዘመናቸው ልክ ናቸው። «ናሲ» የእኛ «ነሥአ» ከወጣበት ሥር የመጣ ስለሆነ ከፍ ከፍ የተደረገ፣ ከሕዝቡ መካከል የተነሣ ማለት ነው። በኦሪት ዘኍልቍ ምዕራፍ 7 ለማደሪያው መባ ያቀረቡት ዐሥራ ሁለቱ የነገድ አለቆች በዚህ ስም ተጠርተዋል። ነቢዩ ሕዝቅኤልም ወደፊት ስለሚሾመው ገዥ ሲናገር «ሜሌኽ» ከሚለው ይልቅ «ናሲ»ን ያዘወትራል። ከክርስቶስ ልደት በኋላ በ200 ዓ.ም. አካባቢ ሚሽናን፣ ማለት የአይሁድን የቃል ሕግ ስብስብ፣ ያዘጋጀው የአይሁድ ማኅበረሰብ መሪ «ይሁዳ ሃናሲ» ይባላል። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ1949 ኻይም ዋይዝማን የአዲሱ አገር ርእሰ ብሔር ሆነው ሲመረጡ የተሰጣቸው መጠሪያ ነገሥታቱ ካለፉ በኋላ ሕዝቡን ሲያስተባብር የኖረ ማዕርግ ነበር። ዛሬ የጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንትም «ናሲ» ይባላል።

የ«ሳር» ታሪክ ደግሞ ከ«ሜሌኽ» ጋር የተገለባበጠ ነው። በአካድኛ፣ ማለት በጥንቱ የአሦርና የባቢሎን ቋንቋ፣ ትልቁ ንጉሥ «ሻሩ» ይባላል፤ ሳርጎን የተባለው ንጉሥ ስም መጀመሪያ ላይ የሚሰማውም ይኸው ቃል ነው። በዚያው ቋንቋ «ማልኩ» የሚባለው ብዙ ጊዜ አነስተኛውን ገዥ ሲሆን ከዚሁ ጋር የሚመሳሰለው ግስ መምከርን ያመለክታል። በዕብራይስጥ በተቃራኒው «ሜሌኽ» ወደ ዙፋኑ ወጣ፤ «ሳር» ግን ከሥሩ ያለ ሹም፣ የጭፍራ አለቃ፣ አሁን ደግሞ ሚኒስትር ሆነ። የመምከር ትርጉም ጨርሶ አልጠፋም፤ በመጽሐፈ ነህምያ 5፥7 ላይ ነህምያ በልቡ መከረ የሚለው በዚሁ መ-ለ-ከ ግስ ነው። የአብርሃም ሚስት ሣራ ስምም የ«ሳር» አንስታይ ጾታ ነው።

እግረ መንገዳችንን ሌሎቹንም እንጥቀስ። ሳኦል በተቀባ ጊዜ እግዚአብሔር ለሳሙኤል የነገረው ቃል «ሜሌኽ» ሳይሆን «ናጊድ» ነበር፤ ይህ ቃል በመካከለኛው ዘመን በአንዳንድ የእስልምና አገሮች ለአይሁድ ማኅበረሰብ አለቃ ማዕርግ ሆኖ አገልግሏል፤ ከባለቤቶቹ ሁሉ የታወቀው የግራናዳው ባለቅኔና ሹም ሳሙኤል ሃናጊድ (993–1056) ነው። የንጉሥ ልጅ የሆነውን ልዑል ዛሬ «ናሲኽ» ይሉታል። «አሉፍ» ደግሞ በኦሪት ዘፍጥረት 36 የኤዶም አለቃ የነበረ ሲሆን አሁን የጦር ጄኔራልና የስፖርት ሻምፒዮን ሆኗል።

ጥያቄ፦ ዪዲሽ ከጀርመንኛ የተወለደ ቋንቋ ነው ሲባል ሰምቻለሁ። ታዲያ ንጉሥን በጀርመንኛ ቃል ነው የሚጠራው ወይስ በዕብራይስጡ?

መልስ፦ በሁለቱም ይጠራል፤ ዋናው ቁም ነገር ግን የትኛውን ንጉሥ በየትኛው ቃል እንደሚጠራ ማወቁ ላይ ነው። ዪዲሽ የዛሬ ሺህ ዓመት ገደማ በራይን ወንዝ አካባቢ በሚኖሩ አይሁድ ዘንድ ተጀምሮ ወደ ምሥራቅ አውሮፓ የተስፋፋ፣ በዕብራይስጥ ፊደል የሚጻፍ ቋንቋ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት ከዐሥር ሚሊዮን የሚበልጡ ሰዎች ይናገሩት ነበር። አጥንቱ ጀርመናዊ ቢሆንም ከዕብራይስጥና ከአራማይስጥ የወሰደው ብዙ ቃል አለው፤ ይህንን ክፍል ተናጋሪዎቹ «ሎሽን-ኮይዴሽ»፣ ቅዱስ ቋንቋ ይሉታል። ከስላቭ ቋንቋዎች ያገኘውም አለ።

በተረትና በቅዱሳት መጻሕፍት ውስጥ ያለው ንጉሥ የሎሽን-ኮይዴሹ «ሜይሌኽ» ነው። በፖላንድና በጋሊሺያ የነበሩት ተናጋሪዎች «ማይሌኽ» ይሉታል። ብዙ ቁጥሩ «ምሎኺም»፣ ንግሥቲቱ «ማልኬ» ናት፤ ዘመናዊው ዕብራይስጥ በስተመጨረሻ የሚያጠብቀውን ድምፅ ዪዲሽ ወደ ፊተኛው ክፍለ ቃል መልሶ ስለሚያጠብቅ የመጨረሻው አናባቢ ይላላል። «ማልኹት»ም በዪዲሽ «ማልኼስ» ይሆናል፤ ምክንያቱም የአሽኬናዝ፣ ማለት የመካከለኛውና የምሥራቅ አውሮፓ፣ አይሁድ «ታቭ» የተባለችውን ፊደል በብዙ ቦታ እንደ «ስ» ስለሚያነቧት ነው። የንጉሥ ልጅ «ቤን-ሜይሌኽ»፣ የንጉሥ ሴት ልጅ «ባስ-ሜይሌኽ» ትባላለች። የብሬስሎቩ ረቢ ናኽማን (1772–1810) ለደቀ መዛሙርቱ ከተረካቸው ታሪኮች የመጀመሪያው ስለ ጠፋችው ባስ-ሜይሌኽ የሚናገር ነው። ታሪኮቹ ካረፈ በኋላ ሲታተሙ ዕብራይስጡ ከላይ፣ ዪዲሹ ከታች ሆኖ በአንድ ገጽ ላይ ወጡ።

«ኬኒግ» የተባለው ጀርመናዊ ቃል በበኩሉ የመድረክ ንጉሥ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ያኮቭ ጎርዲን እ.ኤ.አ. በ1892 በኒው ዮርክ ያቀረበው ተውኔት ርእሱ «ዴር ዪዲሼር ኬኒግ ሊር»፣ አይሁዳዊው ንጉሥ ሊር ነበር፤ የሼክስፒርን ታሪክ ወደ አንድ ባለጠጋ አይሁዳዊ ነጋዴ ቤት ያመጣ ሥራ ነው። ነገር ግን ክፍፍሉ ፍጹም እንዳይመስልዎ። እ.ኤ.አ. በ1543 በአውግስቡርግ የታተመው መጽሐፈ ነገሥትን በግጥም የሚተርክ የዪዲሽ ሥራ «ሜሎኺም-ቡኽ» የተባለ ሲሆን፣ የስሙ የፊተኛው ግማሽ ዕብራይስጥ፣ የኋለኛው ጀርመንኛ ነው። እኔ በበኩሌ ዪዲሽ ምን ዐይነት ቋንቋ እንደ ሆነ ለሚጠይቀኝ ሰው ከዚህ ርእስ የተሻለ ማስረጃ አላገኝለትም።

ሦስተኛም አለ። ግብር የሚከፈልለትና ልጆችን ለውትድርና የሚወስደው የዘመኑ ገዥ፣ የቪየናው ፍራንዝ ዮሴፍም ሆነ የፒተርስበርጉ ዛር፣ «ኬይሴር» ይባላል። የቃሉ ምንጭ የሮሙ ቄሣር ስም ነው። ከኬይሴሩ በታች መንደሩንና መሬቱን የያዘው ፖላንዳዊ ባላባት ደግሞ «ፖሬትስ» ይባላል። ይህ ቃል ዕብራይስጥ ሲሆን በመጽሐፍ ቅዱስ «ፓሪትስ» ማለት ዐመፀኛ፣ ነጣቂ ነው፤ ኢሳይያስ 35፥9 ነጣቂውን አውሬ የጠራበት ቃል ነው። ባላባቱ ዕብራይስጥ ስለማያውቅ ፊት ለፊቱ ቢጠሩትም አይቀየምም ነበር።

ጥያቄ፦ አይሁድ በየጸሎታቸው እግዚአብሔርን ንጉሥ፣ ሰንበትንም ንግሥት የሚሉት ለምንድን ነው? ልማዱ ነገሥታት ከነበሯቸው ዘመን የቀረ ይሆን?

መልስ፦ በከፊል ነው። እግዚአብሔርን ንጉሥ ማለት ከነገሥታቱ ዘመን በፊት ጀምሮ የነበረ አሳብ ነው፤ ይልቁንም ሰብአዊ ንጉሥ ማንገሥን እንደ ክህደት የሚቈጥር ድምፅ በመጽሐፍ ቅዱስ በግልጥ ይሰማል። ጌዴዎን ግዛን ሲሉት እግዚአብሔር ይገዛችኋል ብሎ እምቢ አለ። በ1ኛ ሳሙኤል ምዕራፍ 8 ሕዝቡ ንጉሥ በጠየቀ ጊዜ እግዚአብሔር የተናቀው እርሱ ራሱ እንደ ሆነ ለነቢዩ ነገረው። ኦሪት ዘዳግም 17 ንጉሥ ቢፈቅድም ፈረስን፣ ሚስትን፣ ብርና ወርቅን እንዳያበዛ፣ የሕጉንም ግልባጭ ጽፎ ዕለት ዕለት እንዲያነብ ያዝዘዋል።

የይሁዳ መንግሥት ከክርስቶስ ልደት በፊት በ586 ዓመት ከወደቀ በኋላ፣ ከሐስሞናውያንና ከሄሮድስ ቤት በቀር፣ አይሁድ በገዛ አገራቸው የነገሠባቸው የራሳቸው ንጉሥ አልነበራቸውም። ቃሉ ግን ሥራ አልፈታም። የበረከት ጸሎት ሁሉ እግዚአብሔርን «ሜሌኽ ሃዖላም»፣ የዓለም ንጉሥ ብሎ ይጠራል፤ የሚሽና ሰፊ ማብራሪያ በሆነው በታልሙድ ረቢ ዮሐናን ንግሥናው ያልተጠራበት በረከት በረከት አይባልም ብሏል። በአዲስ ዓመት በዓል የሚጸለየው «ማልኹዮት» የተባለው ክፍል ስለ ንግሥናው የሚናገሩ ዐሥር ጥቅሶችን ይደረድራል። ከዚያ በዓል እስከ ማስተሰረያ ቀን ባሉት ዕለታት ደግሞ በዘወትር ጸሎት ውስጥ «ቅዱሱ አምላክ» የሚለው ተለውጦ «ቅዱሱ ንጉሥ» ይባላል።

የፋርስና የባቢሎን ገዦች «የነገሥታት ንጉሥ» ይባሉ እንደ ነበር ዕዝራ 7፥12 እና ሕዝቅኤል 26፥7 ይመሰክራሉ። «ንጉሠ ነገሥት» ለሚለው መጠሪያ እንግዳ ያልሆነ አንባቢ የሚቀጥለውን እርምጃ በቀላሉ ይረዳዋል። የታልሙድ ሊቃውንት ሰብአዊው ንጉሥ ይህን ማዕርግ ከወሰደው ለፈጣሪ አንድ ደረጃ መጨመር አለበት ብለው «ሜሌኽ ማልኼይ ሃሜላኺም»፣ የነገሥታት ነገሥታት ንጉሥ አሉት። ሰብአዊው ንጉሥ በእነርሱ አነጋገር «ሜሌኽ ባሳር ቫዳም»፣ የሥጋና የደም ንጉሥ ነው። እርሱንም ቢሆን አልናቁትም፤ ንጉሥን ያየ ሰው ከክብሩ ለሥጋና ለደም የሰጠውን አምላክ እንዲባርክ ተደንግጓል።

በዚህ ረገድ መጽሐፈ አስቴር ልዩ ቦታ አለው። የእግዚአብሔር ስም አንድ ጊዜ እንኳ ያልተጠራበት መጽሐፍ ሲሆን «ሃሜሌኽ»፣ ንጉሡ የሚለው ቃል ግን ገጹን ሞልቶታል። የጥንት መተርጉማን ቃሉ ያለ አርጤክስስ ስም ብቻውን በመጣበት ቦታ የሰማዩን ንጉሥም እንደሚያመለክት አስተማሩ። ስለዚህም ጥቅልሉን የሚጽፉ አንዳንድ ጸሐፍት ዐምዶቹ ሁሉ ማለት ይቻላል በ«ሃሜሌኽ» እንዲጀምሩ አድርገው ያሰናዱታል።

ሰንበትን ንግሥት ማለት ከታልሙድ የመጣ ነው። ረቢ ሐኒና ዐርብ ማታ ልብሱን ተጐናጽፎ ኑ፣ ንግሥቲቱን ሰንበትን ለመቀበል እንውጣ ይል እንደ ነበር ተጽፏል። ዪዲሽ ተናጋሪዎች «ሻቤስ-ሃማልኬ» ይሏታል። ቅዳሜ ማታ ሰንበት ስትወጣ የሚበላው ማዕድም «ሜላቬ ማልካ»፣ ንግሥቲቱን መሸኛ ነው። አቀባበልና አሸኛኘት ያላት ንግሥት ስለ ሆነች አጠራሩ ባዶ የአክብሮት ቃል አይደለም።

ጥያቄ፦ ዘውድን በዕብራይስጥ አንድ ጊዜ «ኬቴር»፣ ሌላ ጊዜ «ዐታራ» ሲሉ አገኛለሁ። ልዩነቱ ምንድን ነው?

መልስ፦ «ዐታራ» ሰፊው ቃል ሲሆን በራስ ላይ የሚደረገውን ማንኛውንም አክሊል ይመለከታል። «ኔዜር» የንጉሥና የሊቀ ካህናቱ የቅድስና ምልክት ነው። «ኬቴር» በመጽሐፍ ቅዱስ የሚገኘው በመጽሐፈ አስቴር ብቻ ሲሆን የፋርስ ቤተ መንግሥት ዘውድ ነው፤ ሆኖም በኋለኛው ዕብራይስጥ ሁለቱን ቀድሞ ዋናው ቃል ሆነ። በሚሽና «የአበው ምዕራፎች» በተባለው ክፍል ሦስት ዘውዶች አሉ፤ የሕግ ዘውድ፣ የክህነት ዘውድና የመንግሥት ዘውድ፤ የመልካም ስም ዘውድ ግን ከሁሉ ይበልጣል ተብሏል። በዪዲሽ «ኬሴር» የሚለው ለሕጉ ጥቅልል ዘውድ ሲነገር፣ «ክሮይን» የሚለው ጀርመናዊ ቃል የንጉሡ ዘውድ ከመሆኑም በላይ እናት ልጇን የምታቈላምጥበት ነው። ክሬይንድል የተባለው የሴት ስም «ትንሿ ዘውድ» ማለት ሲሆን፣ ሜይሌኽና ማልኬም ራሳቸው የተለመዱ የሰው ስሞች ናቸው።

ጥያቄ፦ እስራኤል ሪፐብሊክ ሆና ሳለ የመንግሥት ትምህርት ቤቶቿ ለምን «ማምላኽቲ» ይባላሉ? የቃሉ ቀጥተኛ ፍች «የንጉሥ ግዛት» የሚል አይደለምን?

መልስ፦ ነው፤ «ማምላኻ» ከ«ሜሌኽ» የወጣ ሲሆን ንጉሥ የሚገዛው አገር ማለት ነው። ይሁንና ቃሉ ከዙፋኑ የተላቀቀው ገና ድሮ ነው። በሚሽናና በታልሙድ «ማልኹት» ሲባል አብዛኛውን ጊዜ የሌላውን ሕዝብ መንግሥት፣ ሮምን ወይም ፋርስን፣ ይመለከታል። በሦስተኛው መቶ ዓመት በባቢሎን የነበረው ሊቅ ሳሙኤል ያስቀመጠው «ዲና ዴማልኹታ ዲና» የሚለው የአራማይስጥ ደንብ፣ ማለትም የመንግሥቱ ሕግ ሕግ ነው የሚለው፣ ለብዙ መቶ ዓመታት አይሁድ በሰው አገር የኖሩበት መሠረት ሆኗል። በሚሽናም የካህናቱ ምክትል ሐኒና ለ«ማልኹት» ሰላም ጸልዩ፣ እርሱን መፍራት ባይኖር ሰው ባልንጀራውን ከነሕይወቱ በዋጠው ነበር ብሏል። እነዚህ ሊቃውንት ቃሉን ሲጠቀሙ በዐይናቸው የሚታያቸው ዘውድ ሳይሆን ግብር ሰብሳቢ፣ ዳኛና ወታደር ነው።

ስለዚህ የእስራኤል የመጀመሪያው ጠቅላይ ሚኒስትር ዴቪድ ቤን-ጉሪዮን አዲሱን አገር ከየፓርቲው በላይ የሆነ የጋራ ሥልጣን ለማድረግ ሲነሡ «ማምላኽቲዩት» የሚለውን ቃል መፈክራቸው ቢያደርጉት የሚያስገርም አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1953 የወጣው የትምህርት ሕግ የየፓርቲውን የትምህርት ዘርፎች አስቀርቶ «ማምላኽቲ» እና «ማምላኽቲ-ዳቲ»፣ ማለት የመንግሥትና የመንግሥት ሃይማኖታዊ ትምህርት ቤቶችን አቋቋመ። ዛሬ አንድን ፖለቲከኛ «ማምላኽቲ» ማለት ከወገንተኝነት በላይ የሆነ፣ ለአገር የሚያስብ ብሎ ማመስገን ነው።

ከዚህ የበለጠ የሚያስደንቀው ግን በዪዲሽ የሆነው ነው። በዚያ ቋንቋ «ሜሉኼ» ማለት መንግሥት ስለ ሆነ፣ ሶቪየቶች ዛሩን ከነቤተሰቡ ከገደሉ በኋላ የመንግሥታቸውን ተቋማት በዪዲሽ ሲሰይሙ «ሜሉኺሽ» ከማለት የተሻለ ቃል አላገኙም። እ.ኤ.አ. በ1919 በፔትሮግራድ ተጀምሮ በ1920 ወደ ሞስኮ የተዛወረው ዝነኛው የአይሁድ የመንግሥት ቴአትር በስሙ ውስጥ ይህን ቃል ይዞ ነበር። ከዕብራይስጥ የመጡትን ቃላት የጥንቱን አጻጻፋቸውን አስትተው እንደሚነገሩ እንዲጻፉ ቢያደርጉም ቃሉን ራሱን አልለወጡትም። በዚያው መድረክ እ.ኤ.አ. በ1935 ሰለሞን ሚኾኤልስ ንጉሥ ሊርን ሆኖ በመተወን ስሙን በዓለም አስጠራ። እ.ኤ.አ. በጥር 1948 በሚንስክ በስታሊን የጸጥታ ሠራተኞች ተገደለ፤ ቴአትሩም በሚቀጥለው ዓመት ተዘጋ።

ጥያቄ፦ ተርጓሚ ነኝ። «ግርማዊ»ንና «አልጋ ወራሽ»ን ወደ ዘመናዊ ዕብራይስጥ እንዴት ልመልሳቸው?

መልስ፦ ለ«ግርማዊ» «ሆድ ማልኹቶ»፣ ለ«ግርማዊት» «ሆድ ማልኹታህ» ይበሉ፤ «ሆድ» ግርማ ማለት ስለ ሆነ ሐረጉ «የመንግሥቱ ግርማ» እንደ ማለት ነው። አልጋ ወራሹ «ዮሬሽ ሃዔጼር» ይባላል። ይህ ሐረግ የተወሰደው ከመሳፍንት 18፥7 ሲሆን በዚያ ቦታ ያለው ፍች እስካሁን ተንታኞችን ያከራክራል፤ ጋዜጦች ግን ያለ ምንም ማመንታት ይጠቀሙበታል። ንጉሣዊው ቤተሰብ «ሚሽፓሐት ሃሜሉኻ» ሲሆን፣ ሥርዓተ ንግሡ ከ«ኬቴር» ወጥቶ «ሃኽታራ» ይባላል። በሥርዓቱ ላይ የሚጮኸው «ሺህ ዓመት ይንገሥ» ከሆነ ደግሞ የተዘጋጀ ትርጉም አለልዎ፤ ሕዝቡ ለሳኦል ያሰማው «ዬሒ ሃሜሌኽ»፣ ንጉሡ ሕያው ይሁን የሚለው ነው። በ1ኛ ነገሥት ምዕራፍ 1 ይኸው እልልታ በአንድ ቀን መጀመሪያ ለአዶንያስ፣ ቀጥሎም ለወንድሙ ለሰሎሞን ተሰምቷል።